እትዬ አስካለና የድንጋዩ ክፍት ቦታ

ልጆቼ፣ እስቲ ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ በሉ። ከኋላ ያላችሁት ደግሞ ግድግዳውን ለቀቅ አድርጉት፤ ያለ እናንተ ድጋፍም ይቆማል። ዛሬ ስለ ድንጋይ ነው የማጫውታችሁ። "ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ መምህራችን ስለ ድንጋይ የሚሰብኩት?" የሚል አይጠፋም። ታገሡኝ፤ ድንጋዩ ጋ ከመድረሳችን በፊት አንድ አትክልት ቤት ጎራ እንላለን።

አንዲት እናት ነበሩ። ደሴ ውስጥ፣ ዳገቱን ወጣ እንዳላችሁ፣ አትክልት ቤት ያላቸው። እትዬ አስካለ እንበላቸው። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ በወቅቱ ደግሞ ዘይቱና ይሸጣሉ። እሳቸው ብርቱካን ሲደረድሩ ባያችሁ! መጀመሪያ ከታች አንዱን ከአንዱ አስጠግተው ያነጥፋሉ። ሁለተኛውን ረድፍ በታችኞቹ መካከል ባለው ጎድጓዳ ላይ ያስቀምጣሉ። ሦስተኛውንም እንዲሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ቁልሉ ወገባቸው ድረስ ይደርሳል፤ በደጃፉ ከባድ መኪና ሲያልፍ እንኳ ንቅንቅ አይልም።

አንድ አመል ግን ነበራቸው። ክፍት ቦታ ማየት አይችሉም። ገዢ መጥቶ ከመሃል አንዷን ብርቱካን መዘዝ ካደረገ አለቀለት። "ኧረ አንተ ሰው፣ ከላይ አታነሳም? ልትንደው ነው እንዴ?" ይሉታል፤ ሰውየው ዞር ሳይል ሌላ ብርቱካን አንስተው ቦታውን ድፍን ያደርጉታል። ሰፈሩ አመላቸውን ስለሚያውቅ አውቆ ከመሃል እየመዘዘ የሚያናድዳቸው ነገረኛም ነበር።

ታዲያ እኚህ ክፍት ቦታ የማይወዱ ሴት፣ ገዛ ቤታቸው ውስጥ ክፍት ቦታ መጣባቸው።

ፀዳለ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ስትስቅ ጎረቤት የሚሰማት፣ ያለ ስንግ ቃሪያ እህል የማይወርድላት ልጅ። ታመመች። ሐኪም ቤት ተኬደ፣ ጠበል ተኬደ፣ እናትየው ያልተንበረከኩበት ደጅ የለም። አልሆነም። ክረምቱ ሲወጣ ፀዳለን ቀበሯት። ምን ልበላችሁ? ከእናንተ መካከል ልጅ የቀበረ ያውቀዋል፤ ያልቀበረውን ደግሞ አያሳውቀው። አሜን በሉ እንጂ!

ለቀስተኛው ተበተነ፤ ድንኳኑ ተነሣ። ማዕድ ሲቀርብ ከእናትየው በስተቀኝ ያለችው በርጩማ ባዶዋን ቀረች። እትዬ አስካለ እሷን በርጩማ ላለማየት ሲሉ ፊታቸውን ወደ ግራ አዙረው ይበሉ ነበር።

ይድነቃቸው የሚባል ወንድ ልጅም ነበራቸው። ሐዘኑ ከወጣ በኋላ እሱ ሚስት አገባ። ልጅቷ ረድኤት ትባላለች፤ የከበረ ድንጋይ መቁረጥና ማለስለስ በሚያስተምር ማሠልጠኛ ውስጥ መምህር ናት። ዝምተኛ ናት፤ ዓይን አፋር ናት። ከጥፍሯ ሥር የድንጋይ ብናኝ ጠፍቶ አያውቅም።

ልማዳችንን ታውቁታላችሁ፤ ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማት ስም ታወጣላታለች። ረድኤት ጎንበስ ብላ የእትዬ አስካለን ጉልበት ሳመች። እሳቸውም አገጯን ይዘው ቀና አደረጓትና "ስምሽ ምትኬ ይሁን። እግዜር የፀዳለዬን ምትክ ሰጠኝ" አሉ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። እልል እያለ የሚያለቅስም ነበር። ረድኤትም ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አይታ አለቀሰች።

ከፍቅር ነው ልጆቼ፤ ክፋት የለበትም። እትዬ አስካለ ያቺን ልጅ ከልባቸው ወደዷት። የፀዳለን ክፍል ለሙሽሮቹ ሰጧቸው፤ መጋረጃው ግን እንዳይነካ፣ የፀዳለ ዕቃ ከመደርደሪያው እንዳይነሣ። ረድኤት ድንጋዮቿን በካርቶን አድርጋ አልጋው ሥር ከተተቻቸው። የፀዳለን የጥልፍ ቀሚስ ጎኑን አስጠብበው አለበሷት። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ፀዳለ ትቆምበት ከነበረው ቦታ፣ ከምሰሶው አጠገብ፣ አቆሟት። የፀዳለ ጓደኞች ሲያዩዋት "ልክ እሷን!" ይላሉ። እሷን አትመስልም እኮ! ረድኤት ረጅም ናት፤ ፀዳለ አጭር ነበረች።

ማዕድ ሲቀርብ ደግሞ ያቺ የቀኝ በርጩማ የረድኤት ሆነች። እትዬ አስካለ ቃሪያውን በሽንኩርት ስንግ አድርገው ከፊቷ ያኖሩላታል። "እንቺ ምትኬዬ፣ አፈር ስሆን!"

ረድኤት ቃሪያ አትችልም። ጨጓራ አለባት። ግን "አፈር ስሆን" ያለን ሰው እንዴት አድርጋ እምቢ ትበል? ትበላዋለች። ዓይኗ እንባ ያቀራል። እትዬ አስካለ እንባዋን ሲያዩ "አይ የኔ ልጅ፣ ሆደ ባሻ ናት እኮ" ይሉና ሁለተኛ ይጨምሩላታል።

ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ፣ ሳቁ። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። ረድኤት ምን ጎደላት? አልጋ አላት፣ ልብስ አላት፣ ስም አላት፣ መቀመጫ አላት። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ግን የእሷ የሆነው የቱ ነው? አልጋው የማን ነው? ቀሚሱ የማን ነው? ቃሪያውስ የማን ነው?

ልጅቷ ከሳች። ሳቋ ጠፋ። አንድ ቀን ጠዋት ይድነቃቸው አትክልት ቤቱ ድረስ መጣ። እናቱ ብርቱካን እየደረደሩ ነበር። ትንሽ ቆመና ራሱን አከክ አከክ አድርጎ "እማ፣ ኮምቦልቻ ቤት ልንከራይ ነው። ረድኤት እዚያ ሥራ ጠይቃለች" አላቸው።

"ረድኤት ማናት?" አሉት።

ቀልዳቸውን አልነበረም። ለአንድ አፍታ እውነትም ጠፋቸው። ይድነቃቸው አያቸው። ያን ጊዜ ትዝ አላቸውና ደነገጡ።

"ምትኬ? ምትኬ ልትሄድብኝ? ምን አጎደልኩባት?"

"ምንም አላጎደልሽባትም እማ" አለ ልጃቸው። "ምንም።" ይህን ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

እትዬ አስካለ ያን ቀን ዋሉ ማለት አይቻልም። ገዢ ከመሃል ሲመዝ አላዩትም። ያ ነገረኛ ጎረቤት መጥቶ ሁለት ከመሃል መዘዘ፤ ዝም ሲሉት እሱ ራሱ ፈርቶ መልሶ አስቀመጠው። በሆዳቸው የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለተኛ ልጅ ላጣ ነው። አንዷን ሞት ወሰደብኝ፤ ይቺን ደግሞ ምን ብዬ ነው የማጣት? ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግተው ወደ ቤት ገቡ።

ሳሎን ሲገቡ ጠረጴዛው ላይ የረድኤት ሥራ ተቀምጧል። ለሠልጣኞቿ በማግሥቱ የምታሳየው ነገር ነው። ነጫጭ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳሶች በማጣበቂያ ተያይዘው በየረድፉ ተነጥፈዋል፤ ረድፎቹ ገና አንዱ በአንዱ ላይ አልተነባበሩም። በኳሶቹ መካከል እዚህም እዚያም ቀይ የጥፍር ቀለም የተቀባ ሽንብራ አለ፤ እዚህም እዚያም ልጆች የሚጫወቱበት ብይ አለ።

እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው አዩት። "ውይ! ይሄ እኮ የኔ ብርቱካን ነው!" አሉ ብቻቸውን። አንዱ ከአንዱ ተጠግቶ፣ የላይኛው በታችኞቹ ጎድጓዳ ላይ እንዲገባ ሆኖ። ልጅቷ እንደሳቸው ትደረድር ኖሯል! አብረው ሲኖሩ፣ የእሷ የሆነ ነገር ላይ ዓይናቸው ሲያርፍ የመጀመሪያው ነበር፤ ደስ አላቸው፤ ሆዳቸውም ባባ።

ከዚያ ክፍቱን አዩ። ሽንብራው በጣት የሚቆጠር፤ ብዩም ግማሽ ቦታ ላይ ብቻ። የቀረው ባዶ። "አይ ልጄ፣ ደክሟት ትታው ነው" አሉ። "ነገ ሰው ፊት ጎዶሎ ይዛ ልትቆም? እኔ እያለሁ?"

ገባችሁ አይደል ምን እንዳደረጉ? ነጠላቸውን አጣፉ፣ ቁጭ አሉ። ከማድጋ ሽንብራ አወጡ፤ የጥፍር ቀለሙን ፈልገው አገኙ፤ እየቀቡ በየክፍቱ ወተፉ። ብዩ አለቀ፤ ባቄላ አመጡ። ባቄላው አልገባ አለ፤ በአውራ ጣታቸው ገፉት። ረድፍ በረድፍ ሞሉና ማጣበቂያውን ለቅልቀው አነባበሩት። ኳሶቹ በባቄላው ተገፋፉ፤ ቁልሉ ወደ ግራ ተንጋደደ። ሲያቀኑት ወደ ቀኝ። "እረፍ እንጂ!" እያሉ በሁለት እጃቸው ደግፈው ይዘውት ሳለ ረድኤት ገባች።

በሩ ላይ ቆመች። አየችው። ቦርሳዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው።

"ሞላሁልሽ" አሉ እትዬ አስካለ፤ ቁልሉን አልለቀቁትም። "ጎድሎ አይቼ ነው። እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው የኔ ልጅ። ምን አጎደልኩብሽ?"

የብዙ ቀን ሥራዋ ነበር። ብትቆጣ ማን ይፈርድባት ነበር? ረድኤት ግን የእኚህን ሴት እጅ አየች፤ ቀይ የጥፍር ቀለም እስከ አንጓቸው ድረስ ተለቅልቆ። መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ቁልሉን በሌላው ጎን ደገፈችላቸው። እንዲህ ሆነው ተነጋገሩ፤ ሁለቱም እጃቸው ኳሱ ላይ እንደሆነ።

"እማዬ፣ ይሄ ስፒኔል የሚባል ድንጋይ ነው" አለቻቸው። "ዓይን የማያያቸው የድንጋዩ ቅንጣቶች፣ አቶሞቹ፣ እንዴት እንደተደረደሩ ለማሳየት ነው የሠራሁት። ትልልቁ ኳስ ኦክስጅን ነው። ልክ እንደ እርስዎ ብርቱካን ይደረደራል።"

"እሱንማ አየሁት" አሉ፤ ትንሽ ኮራ ብለው።

"በኳሶቹ መካከል ሁለት ዓይነት ክፍት ቦታ አለ። አራት ኳስ የከበበው ጠባብ፣ ስድስት ኳስ የከበበው ሰፋ ያለ። ሽንብራው ማግኒዝየም ነው፤ ጠባቡ ውስጥ ይገባል። ብዩ አሉሚንየም ነው፤ ሰፊው ውስጥ ይገባል። ግን እማዬ፣ ከጠባቦቹ ከስምንቱ አንዱ ውስጥ ብቻ ነው ሽንብራ ያለው። ሰባቱ ክፍት ናቸው። ከሰፊዎቹም ግማሾቹ ክፍት ናቸው። እኔ ደክሞኝ የተውኩት አይደለም። ሲፈጠርም እንዲሁ ነው።"

"ይሄ ሁሉ ቀዳዳ እያለው? አይፈርስም?"

"መስተዋት የሚቧጭር ድንጋይ ነው! ድሮ ነገሥታት ሩቢ መስሏቸው ዘውዳቸው ላይ ያስገቡት ነበር። በክፍቱ አይፈርስም። ሁሉም ቢሞላ ነው እርስ በርሳቸው የሚገፋፉት፤ ያን ጊዜ ስፒኔል መሆኑም ይቀራል።"

እትዬ አስካለ እጃቸው ሥር የሚንጋደደውን ቁልል አዩ። ከዚያ በቀስታ "ሽንብራውን ብዩ ቦታ ብናስቀምጠውስ?" አሉ።

"እሱም ይሆናል" አለች ረድኤት። "ድንጋዩ በጣም ሲግል፣ እሳት ውስጥ ሲገባ፣ አንዳንዶቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። ያኛው የዚህኛው ቦታ ላይ ይገኛል።"

"እሳት ውስጥ ሲገባ" አሉ እትዬ አስካለ።

"አዎ። ቀስ እያለ ከበረደ ብዙዎቹ ወደየቦታቸው ይመለሳሉ። በድንገት ከቀዘቀዘ ግን እንደተምታቱ ይቀራሉ።"

ልጆቼ፣ እኚህ ሴት ሞኝ አይደሉም። ሐዘን አንገብግቧቸው ነበር እንጂ። ቁልሉን ለቀቁት። ወደ ጎን ወደቀ፤ ባቄላው በየወለሉ ተንከባለለ፤ ማንም አላነሣውም።

"አንቺን የት ነው ያስቀመጥኩሽ?" አሏት።

ረድኤት ማልቀስ ጀመረች። ይሄኛው የቃሪያ እንባ አልነበረም። "ፀዳለ ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡኝ፣ እማዬ። እኔ አላውቃትም፤ ግን እወዳታለሁ፣ እርስዎ ስለወደዷት። በርጩማዋ ላይ ስቀመጥ ግን እሷን ገፍቼ የማስነሣት ይመስለኛል። እርስዎም ሲያዩኝ እኔን አይደለም የሚያዩት። ለዚህ ነው የምሄደው። ስለጠላሁዎት አይደለም።"

እትዬ አስካለ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አደረጉ። "ክፍቱን ማየት አቃተኝ ልጄ!" አሉና አለቀሱ። ፀዳለ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለ ለቅሶ አላለቀሱም ነበር፤ ምትክ አገኘሁ ብለው በድንገት ያቀዘቀዙት ሐዘን ያን ቀን ወጣላቸው። ረድኤትም አቀፈቻቸው፤ "ያልቅሱ እማዬ፣ ያልቅሱ" እያለች።

ሲረጋጉ አብረው ወለሉ ላይ ተቀምጠው ባቄላውን ለቀሙ። ከየኳሱ መካከል የገባውን ትርፍ ሽንብራ በመርፌ አወጡ። እትዬ አስካለ አንዱን ሲያወጡ "ይሄስ የራሱ ነው ወይስ የኔ?" ይላሉ፤ ረድኤት "እሱ የእርስዎ ነው፣ ያውጡት" ትላለች። ይድነቃቸው ከሥራ ሲመጣ ሁለቱ ሴቶች ጣታቸው ቀልቶ፣ ዓይናቸው አብጦ፣ ሲሳሳቁ አገኛቸው። ምን እንደተፈጠረ ስላልገባው ጫማውን አወለቀና አብሯቸው መልቀም ጀመረ።

ራት ቀረበ። እትዬ አስካለ እንደ ልማዳቸው ቃሪያውን አንስተው እጃቸውን ወደ ረድኤት ዘረጉ። እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። ቃሪያውን መለሱት። ያቺን የቀኝ በርጩማ ራሳቸው ተነሥተው ወደ ግድግዳው አስጠጓት፤ ማንም እንዳይቀመጥባት ሳይሆን፣ የፀዳለ መሆኗን ሁሉም እንዲያውቅ። ከጓዳ ሌላ በርጩማ አመጡና በግራቸው በኩል አኖሩ።

"ረድኤት" አሏት። በስሟ ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነበር። "ነይ ተቀመጪ። እስቲ ንገሪኝ፤ አንቺ ምን ትወጃለሽ?"

ያ ቤት ውስጥ ይሄን ጥያቄ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ልጅቷ ለመመለስ እንኳ ጊዜ ፈጀባት። ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ በጣም በቀስታ፣ "ዘይቱና" አለች።

"ዘይቱና?! እኔ ቤት? ገዢ አጥቶ በሳጥን ሙሉ የሚበሰብሰው ዘይቱና? ወይኔ ጉዴ! ለአንቺ እኮ ብርቱካን ነበር የማመጣልሽ!"

"ብርቱካን ፀዳለ ነበረች የምትወደው" አለ ይድነቃቸው።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አንስተው፣ ራቱን ትተው፣ ቁልፋቸውን ይዘው ወጡ። "ኧረ እማ፣ ነገ ይደርሳል!" ቢሏቸው ማን ሰምቶ! በነጠላቸው ቋጥረው ዘይቱና ይዘው ተመለሱ። ረድኤት እየሳቀች በላች። በሳምንቱ አልጋው ሥር የነበረው ካርቶን ወጣ፤ ድንጋዮቹ መስኮቱ ላይ ተደረደሩ። ኮምቦልቻ የመሄዱ ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ፀዳለን ግን በየማዕዱ ያነሷታል፤ በርጩማዋ እዚያው ግድግዳው ጋ አለች።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ማን ነው ከእናንተ ውስጥ ሰውን በሌላ ሰው ቦታ ያስቀመጠ? አንተ፣ የመጀመሪያ ሚስትህ ሞታ ሁለተኛ ያገባኸው፤ ወጡን ስትቀምስ "እሷ እንዲህ አልነበረም የምትሠራው" ትላለህ? አንቺ፣ የእህትሽን ልጅ የምታሳድጊው፤ ልጁን ስታዪ የምታዪው እሱን ነው ወይስ እናቱን? እናንተስ? እኔ ወደዚህ ደብር የመጣሁ ሰሞን "የቀድሞው መምህር እንዲህ አይሉም ነበር" ስትሉኝ አልነበረም? ሰምቻችኋለሁ! ቃሪያችሁን ብዙ ጊዜ በልቻለሁ።

ባዶ ቦታ ትፈራላችሁ። አውቃለሁ፤ እኔም እፈራለሁ። የሞተው ሰው አልጋ፣ የሄደው ልጅ ወንበር፣ ያልተወለደው ልጅ ስም። ቶሎ ድፍን አድርጎ መገላገል ያምረናል። ግን በዚያ ድንጋይ ውስጥ ዓይን የማያያትን እያንዳንዷን ቅንጣት በቦታዋ ያኖረ እግዚአብሔር ክፍቱንም አብሮ ነው የሠራው። ክፍት ቦታ ስላላችሁ ቤታችሁ አይፈርስም፤ አትሸበሩ። አዲስ የመጣው ሰው ደግሞ ሲላክ የራሱ ቦታ አብሮ ተሰጥቶታል። የሟችን ወንበር አትስጡት፤ ሌላ በርጩማ ከጓዳ አምጡለት።

እሳት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ፣ ሐዘናችሁ ገና የሚፋጅ፣ ሰው ቢምታታባችሁ ራሳችሁን አትርገሙ። አልቅሱ። ቀስ ብሎ ይብረድላችሁ። አጠገባችሁ ያለን ሰዎችም "በቃ፣ በቃ" እያልን ቀዝቃዛ ውኃ አንድፋባችሁ።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁና ተነሡ፤ እናቶች ወጥ ጥለው እንደመጡ አውቃለሁ። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው፣ ምራታችሁን፣ የእንጀራ ልጃችሁን፣ የሠላሳ ዓመት ባላችሁን ሳይቀር፣ በስሙ ጥሩትና "አንተ ምን ትወዳለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ዝም ካለ ጠብቁት። ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ ይሆናል። በሉ እግዚአብሔር ያሰባችሁ፤ ሂዱና ጠይቁ።